ሽመል በእሳት ሲለዝብ

ፖሊመር ከፋብሪካ ብቻ የሚወጣ ለሚመስለው ሰው የአሶሳ ደን፣ ማእድ ቤትና ገበያ ብዙ የሚያሳዩት ነገር አላቸው

ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ መገርጣት በሚጀምርበት ወራት በአሶሳ ዙሪያ ሽመል የተባለውን የቆላ ቀርከሃ የሚሠራ ባለሙያ ከመጋዙና ከቢላዋው አስቀድሞ የሚያሰናዳው እሳት ነው። እሳቱም ነበልባል ሳይሆን ፍም መሆን አለበት፤ ነበልባል ላዩን አጥቁሮ ልቡን ሳያሞቅ ያልፋልና። ከጫካ ተቆርጦ ገና እርጥበቱ ያልለቀቀውን ሽመል በጎበጠበት በኩል ከፍሙ በላይ ይዞ ያለ ዕረፍት ያገላብጠዋል፤ ጥቂት ቆይቶ አረንጓዴው ገጹ ወዝ ያወጣል፣ ከአንጓው አጠገብም ፈሳሽ ብቅ ይላል። በዚያን ጊዜ ከባላ እንጨት መካከል አግብቶ በቀስታ ይጫነዋል፤ ከጥቂት ደቂቃ በፊት በጉልበት ቢጎነብስ ይሰነጠቅ የነበረው እንጨት ያለ ድምፅ ይታዘዛል። ከዚህ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ እያበሰ፣ እስኪበርድ ድረስ እንደ ተጫነው ይዞት ይቆያል። ሲለቀውም ቀጥ ብሎ ይቀራል።

ይህ በመጽሐፍ ሳይጻፍ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ጥበብ ነው። በዚያችው ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በ2004 ዓ.ም. የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ኬሚስትሪ የሚያጠና ወጣት ፊዚካል ኬሚስትሪ የተባለውን ትምህርት ሲገፋ፣ ስለ ሙቀት ሕግጋት፣ ስለ ፈሳሽና ስለ ጠጣር ጠባይ ከተማረ በኋላ፣ ስለ ፖሊመሮች ወደሚናገረው ምዕራፍ ይደርሳል። በዚያም አንድ ጠጣር ነገር ሳይቀልጥ እንዴት እንደሚለዝብ የሚገልጽ የመስመር ሥዕል ይቀርብለታል፤ መስመሩ በአንድ የሙቀት ደረጃ አካባቢ ይታጠፋል፣ ሊቃውንቱም ይህን ስፍራ የመስታወት ሽግግር ይሉታል። በመጽሐፉ ምሳሌ ሆኖ የሚቆመው ግን ፖሊስታይሪን ወይም ሌላ ከነዳጅ ዘይት የተገኘ ነገር ነው እንጂ፣ ከመማሪያ ክፍሉ ውጭ አጥር ሆኖ የቆመው ሽመል አይደለም። አሶሳ የምትገኝበት የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የፖሊመርን ፊዚካል ኬሚስትሪ ለማስተማር የሚበቃ ሀብት በደኑ፣ በማእድ ቤቱና በገበያው ይዞ ሳለ ትምህርቱ ከሩቅ አገር እንደ መጣ እንግዳ መታየቱ እጅግ የሚያስቆጭ ነገር ነው፤ ይህን ጽሑፍ ያስነሣውም ይኸው ቁጭት ነው።

ከፌስታል በፊት

ፖሊመር የሚለው ስም ሲነሣ በብዙ ሰው ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው ፌስታል ነው። ገበያ የሄደ ሁሉ ይዞት ይመለሳል፣ ነፋስ በየአጥሩ ያንጠለጥለዋል፣ ከብት ይበላዋል፤ መንግሥትም በ1999 ዓ.ም. ባወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ስስ ፌስታል ከከለከለ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ክልከላውን የሚያጠብቅ ሕግ አጽድቋል። ከዚህም የተነሣ ፖሊመር ማለት ፕላስቲክ፣ ፕላስቲክ ማለትም ቆሻሻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ሥር ሰድዷል። እውቀቱ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው።

ፖሊመር ማለት ትንንሽ ሞለኪሎች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተከታትለው፣ ነገር ግን በክር ሳይሆን እርስ በርሳቸው ተያይዘው፣ አንድ ረጅም ሰንሰለት ሲሆኑ የሚገኝ አካል ነው። ፋብሪካ ፕላስቲክን ከመሥራቱ እጅግ አስቀድሞ በተፈጥሮ ጥጡ፣ የበጉ ጠጕር፣ የማሽላው ዱቄትና የሽመሉ ግንድ በዚህ ሥርዐት ተሠርተው ነበር፤ አባቶቻችን ዳዊቱንና ወንጌሉን የጻፉበት ብራና እንኳ ኮላጅን የተባለ የፕሮቲን ሰንሰለት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የስታርችና የሴሉሎስ ነገር ነው። ሁለቱም የተሠሩት ግሉኮስ ከተባለው ከአንዱ ስኳር ሲሆን፣ የሚለያዩት አንዱ ግሉኮስ ከሚቀጥለው ጋር በሚያያዝበት አቅጣጫ ነው። በስታርች ዘንድ አያያዙ ሰንሰለቱን ስለሚጠመዝዘው የፈላ ውኃ ይገባዋል፣ ሆድም ይፈጨዋል፤ በሴሉሎስ ዘንድ ግን ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ከጎረቤቱ ጎን ይተኛና በሃይድሮጅን ትስስር ተጣብቆ ውኃ የማይፈታው ጭረት ይሆናል።

«ስኳሩ አንድ ሆኖ ሳለ አያያዙ ቢለይ፣ አንዱ ገንፎ ሌላው ምሰሶ ሆነ።»

ይህን ሐሳብ የሳይንስ ዓለም የተቀበለው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ኸርማን ሽታውዲንገር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920፣ ጎማንና መሰሎቹን የሚያቆማቸው የትንንሽ ሞለኪሎች ክምችት ሳይሆን እውነተኛ ረጅም ሰንሰለት ነው ብሎ በጻፈ ጊዜ፣ በዘመኑ ስማቸው የገነነ ባልደረቦቹ ይህን ያህል ግዙፍ ሞለኪል ሊኖር አይችልም ብለው ተቃወሙት፤ ሐሳቡን ትቶ ወደ ሌላ ሥራ እንዲመለስ የመከሩትም ነበሩ። እርሱ ግን በጥናቱ ጸና። ካቀረባቸውም ማስረጃዎች አንዱ የፈሳሽ ዝልግልግነት ነበር፤ ሰንሰለቱ በረዘመ መጠን የተሟሟበት ፈሳሽ በቀጭን ቧንቧ ለመውረድ ይዘገያልና። የኖቤል ሽልማት በ1953 ሲሰጠው ዕድሜው 72 ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ፖል ፍሎሪ የዚህን ትምህርት መሠረት የያዘ ታላቅ መጽሐፉን አሳተመ፤ እርሱም በ1974 ለዚሁ ሽልማት በቃ።

ከንፈር የመረመረው ምሥጢር

ኬሚስትሪ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ትምህርት ነው። አንደኛው ቅርንጫፍ ሰንሰለቱ እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል፤ ፊዚካል ኬሚስትሪ ግን የተሠራውን ሰንሰለት ተቀብሎ፣ ርዝመቱ ስንት ነው፣ በምን ፈሳሽ ይሟሟል፣ በስንት ዲግሪ ይለዝባል፣ ሲሳብ ለምን ይመለሳል እያለ ይመረምራል። ተማሪዎች በጣም የሚፈሩት ክፍል ይህ መሆኑን የሚያስተምሩት ሁሉ ይናገራሉ፤ ሒሳቡ ከባድ ነውና፣ ይልቁንም ኢንትሮፒ የተባለው ሐሳብ በእጅ የማይዳሰስ ረቂቅ ሆኖ ይታያቸዋልና።

ይሁን እንጂ በከንፈር ይዳሰሳል። በእንግሊዝ አገር በኬንዳል ከተማ ይኖር የነበረው ጆን ጎፍ በሕፃንነቱ በፈንጣጣ ዐይኑን ያጣ ፈላስፋ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1805 በታተመ ጽሑፉ፣ አንድ የጎማ ቅዳጅ በከንፈሩ ላይ አስነክቶ በድንገት ሲስበው እንደሚሞቅ፣ ሲለቀውም እንደሚቀዘቅዝ አስረዳ፤ ደግሞም ክብደት ተንጠልጥሎበት የተወጠረ ጎማ ሲሞቅ እንደ ብረት ከመርዘም ይልቅ እንደሚያጥር አሳየ። ዐይናቸውን ያጡ የቅኔና የመጻሕፍት መምህራን ጉባኤ ዘርግተው ያስተማሩባት አገር ልጆች ለሆንነው ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንብንም፤ ማስተዋል ከማየት የሚሰፋ መሆኑን ከእነርሱ ዐውቀናልና።

ጎፍ ያገኘው ነገር ምክንያቱ የተገለጠው ረጅሙ ሰንሰለት ከታወቀ በኋላ ነው። የጎማ ሰንሰለት እንደ ፈቀደ ሲጠቀለል ሊይዘው የሚችለው ቅርጽ ቍጥር ስፍር የለውም፤ ሲወጠር ግን የሚቀርለት ጥቂት ነው። ሙቀት ደግሞ ሰንሰለቱን ሁሉ ያለማቋረጥ ያናውጠዋል፤ የተናወጠ ሰንሰለትም ብዙ ቅርጽ ወዳለበት ወደ ጥቅልሉ ይመለሳል። ስለዚህ ሙቀቱ ሲጨምር ጎማው የሚስብበት ኃይል ይጠነክራል። ያ የተፈራው ኢንትሮፒ የቅርጾቹ ብዛት መለኪያ ነው። ከማንኛውም ሱቅ የሚገኝ የጎማ ማሰሪያ ይህን ለማሳየት ይበቃል።

ወደ ሽመሉም ስንመለስ ነገሩ ይበራል። የቆላው ሽመል ከደጋው ቀርከሃ የሚለየው ልቡ በአብዛኛው ድፍን በመሆኑ ነው፤ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከፍተኛውን የቀርከሃ ደን የያዘች አገር ስትሆን፣ ከዚህ ከቆላው ወገን የሚበዛው የሚገኘው በዚሁ ክልል ነው። በግንዱ ውስጥ የሴሉሎሱ ጭረቶች ከታች ወደ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ በመካከላቸው ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን የተባሉ ሌሎች ፖሊመሮች ሞልተው ያያይዟቸዋል። ሊግኒን ሲደርቅ ለመለዘብ ከ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እጅግ የሚበልጥ ሙቀት ይፈልጋል፤ ውኃ ሲጠጣ ግን በሰንሰለቶቹ መካከል የገባው ውኃ እንቅስቃሴያቸውን ስለሚያቀልል ከ100 ዲግሪ በታች ይለዝባል። አሶሳ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ለእርጥቡ ሽመል ይበቃዋል። ባለሙያው ደረቁን ሽመል ትቶ ገና እርጥብ ሳለ የሚያቃናበት፣ ካቃናውም በኋላ እስኪበርድ ድረስ የማይለቅበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ሊግኒኑ በርዶ እስኪጠነክር ድረስ ጭረቶቹ አዲሱን ቦታቸውን የሚይዝላቸው የላቸውም።

በገንፎው አጠገብ የሚሳብ ክር

በበርታ ብሔረሰብ ቤት የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ሲቀርብ፣ በጣት የተቆረሰው ገንፎ ወጡን አጥቅሶ ወደ አፍ ሲነሣ ከሳሕኑ እስከ እጅ የሚሳብ ቀጭን ክር ይታያል። ክሩ ጥቂት ይረዝምና ከመበጠሱ በፊት ወደ ኋላ ይሰበሰባል። ማር ከባሚያ ወጥ ይልቅ ወፍራም ሆኖ ሳለ ክሩ እንዲህ ወደ ኋላ አይመለስም፤ የማር ወፍራምነት ከጥቂት ውኃ ጋር ከተጨናነቁ ትንንሽ የስኳር ሞለኪሎች የመጣ ሲሆን፣ የባሚያው ግን እርስ በርሳቸው ከተጠላለፉ ረጅም ሰንሰለቶች የመጣ ነውና። ሲስቡት ሰንሰለቶቹ ይዘረጋሉ፤ የመጠቅለል ፍላጎታቸው ወደ ኋላ ይስባቸዋል። ኬንዳል ውስጥ በጎማ የታየው ጠባይ አሶሳ ውስጥ በወጥ ይታያል ማለት ነው።

ሽታውዲንገር የተጠቀመበትም መለኪያ ለዚህ ያገለግላል። ኦስትዋልድ ቪስኮ ሜትር የሚባለው ዕቃ ሁለት ምልክት የተደረገበት የታጠፈ የብርጭቆ ቧንቧ ነው፤ ፈሳሹ ከላይኛው ምልክት እስከ ታችኛው በቀጭኑ በኩል ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ በሰዓት ተለክቶ ከንጹሕ ውኃ ጋር ይነጻጸራል። የባሚያን ልጋግ በብዙ ውኃ አቅጥኖ፣ አጥልሎ፣ ደጋግሞ መለካት ይቻላል። ልጋጉ ለረጅም ሰዓት ቢፈላ ሰንሰለቶቹ ስለሚቆራረጡ የመውረጃው ጊዜ ያጥራል። ጨው ቢጨመርበትም ያጥራል፤ የባሚያ ሰንሰለት በገላው ላይ የኤሌክትሪክ ሙላት ስለ ተሸከመ ክፍሎቹ እርስ በርስ እየተገፋፉ ተዘርግቶ ይኖራል፣ ጨው ግን ግፊያውን ያበርደውና ሰንሰለቱ ይኮማተራል። ይህን በዐይኑ ያየ ተማሪ ከመጽሐፉ የሚያገኘው ቀመር እንግዳ አይሆንበትም።

ከወጡ አጠገብ ያለው ገንፎም ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም። ትኩሱ ገንፎ የሚለዝበው የስታርቹ ቅንጣት በፈላ ውኃ አብጦ ስለ ተፈታ ነው፤ ሲያድር የሚጠነክረውም፣ ደርቆ ሳይሆን፣ የተፈቱት ሰንሰለቶች ቀስ በቀስ ተመልሰው ስለሚሰለፉ ነው።

ዕጣንና ሙጫ

በመተከልና በሌሎች የክልሉ ቆላማ ስፍራዎች የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ በበጋ ወራት ቅርፊቱ በትንሽ ብረት ይፋቃል፤ ከቁስሉ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ በቅርፊቱ ላይ ጠንክሮ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይለቀማል፣ ቁስሉም እንደ ገና ይፋቃል። በመተከልና በካማሺ ባለፉት ዓመታት የሰላም መታወክ በደረሰ ጊዜ ወደ ጫካ ገብቶ መመለስ ከባድ ነበርና ይህ ሥራ የተጎዳው ጉዳት ቀላል አይደለም። ዕጣኑ በካህኑ ጽና ላይም፣ በሙስሊሙ ቤት ከቡናው ረከቦት አጠገብም ይጤሳል።

አንድ የዕጣን ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ቢዘፈዘፍ ውኃው ይደፈርሳል፣ ግን ሁሉ አይሟሟም፤ የቀረው በአልኮል ቢዘፈዘፍ ደግሞ ይሟሟል። በውኃ የሄደው ሙጫው ሲሆን፣ እርሱ ከስኳሮች የተያያዘ ረጅም ሰንሰለት ያለው ፖሊመር ነው፤ በአልኮል የሄደው ትንንሽ ሞለኪሎች ያሉት ሬዚን ነው። በፍም ላይ ሲወድቅም መለያየታቸው ይገለጣል፤ ቀላሉ ዘይትና ከሬዚኑ የሚተነው ክፍል በጢሱ ሲወጣ፣ ሙጫው ግን ሊተን የማይችል ትልቅ አካል ስለ ሆነ በፍሙ ላይ ከስሎ ይቀራል። መዓዛ ወደ አፍንጫ የሚደርሰው ሞለኪሉ ትንሽ ሲሆን ነውና፣ ረጅሙ ሰንሰለት መዓዛ የለውም።

«ዕጣን በፍም ላይ ሲወድቅ ትንንሹ ይተናል፣ ረጅሙ ሰንሰለት ከስሎ ይቀራል።»

ድንበር ተሻግሮ ያለው ሱዳን በዓለም ከፍተኛው የግራር ሙጫ አምራች ነው። ይህ ሙጫ ከባሚያ ልጋግ ጋር ሲነጻጸር የሚያሳየው ነገር ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው፤ የባሚያ ጥቂቱ ብዙ ውኃ ሲያወፍር፣ የግራር ሙጫ ግን በብዛት ሟሙቶ እንኳ ቀጭን ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። የግራሩ ሰንሰለት እጅግ ቅርንጫፋም ስለ ሆነ ተሰብስቦ እንደ ኳስ ይንከባለላል እንጂ ተዘርግቶ አይጠላለፍም። ጥላሸትን ከሙጫ እየለወሱ ጥቁር ቀለም ያዘጋጁ የነበሩ ጸሐፍት በዚህ ጠባይ ተጠቅመዋል፤ ሙጫው የጥላሸቱን ቅንጣት ከብቦ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንዳይዘቅጥ ይከለክለዋል፣ ብርዑም ያለ መሰናክል ይጽፋል።

የተመራቂው ጥያቄ

ለመመረቅ ጥቂት ወራት የቀረው ተማሪ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚያነሣው ጥያቄ እንጀራን የሚመለከት ነው፤ ይህን ተምሬ የት እሠራለሁ ይላል። የጎማ፣ የፕላስቲክ ቧንቧ፣ የጨርቃ ጨርቅና የቆዳ ፋብሪካዎች የሚበዙት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ስለ ሆነ፣ ከአሶሳ የሚመረቀው ብዙ ጊዜ ወይ ወደዚያ ይሰደዳል፣ ወይም የሁለተኛ ደረጃ መምህር ይሆናል። ከመምህራንም መካከል ችግሩ የመሣሪያ ነው የሚሉ አሉ። የመስታወት ሽግግርን በትክክል የሚለካው የሙቀት መለኪያ መሣሪያ ዋጋው ከባድ ነው፣ ቢገዛም የሚጠግነውና መለዋወጫው በቅርብ አይገኝም። እውነት አላቸው። ሌሎች ግን ቪስኮ ሜትር፣ ሚዛን፣ ቴርሞሜትርና ሰዓት ያለው ክፍል ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የለበትም ይላሉ፤ እኔም ከእነዚህ ጋር ነኝ።

የሽመሉ ነገር የአንድ መንደር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ከሩቅ የመጣ ምሳሌ ያስረዳል። በስዊድን አገር በሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012፣ ከወረቀት ፋብሪካ ተረፈ ፈሳሽ የሚወጣውን ሊግኒን ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፍ ፖሊመር ጋር አዋሕደው ኤሌክትሪክ የሚያከማች ነገር መሥራታቸውን አሳተሙ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ሊቃውንትም ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ ፖሊመሮች ላይ ለብዙ ዘመን ሲሠሩ ኖረዋል። መንገዱ ተከፍቷል፤ ሊግኒኑም በደኑ አለ።

ባለሙያው ራሱ የሚጠይቀው ግን ከዚህ የቀረበ ነው። አንደኛው ጥያቄው ነቀዝ ነው። በተሳሳተ ወራት የተቆረጠ ሽመል በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዱቄት እያፈሰሰ ይቦረቦራል፤ ነፍሳቱ የሚፈልጉት በግንዱ የተከማቸውን ስታርችና ስኳር ነውና። በወንዝ ውኃ ለሳምንታት የተዘፈዘፈው የተሻለ መቆየቱን አባቶቹ ያውቁ ነበር፤ ለስንት ሳምንት፣ በየትኛው ወር የተቆረጠው የሚለውን ግን አዮዲን ጠብ አድርጎ የስታርቹን ሰማያዊ ቀለም የሚያይ ተማሪ ሊነግረው ይችላል። ሁለተኛው ጥያቄው ደግሞ ከሽመል የተሠራ ወንበር ገዝቶ የወሰደ ደንበኛ ክረምት ሲገባ መደገፊያው ወደ ቀድሞው እየተመለሰ ነው ብሎ የሚያቀርበው ወቀሳ ነው።

ለዚህኛው የሚያስፈልገው ነገር በማንኛውም ቤት ይገኛል። አንድ ሽመል ተሰንጥቆ እኩል እኩል ስንጣሪዎች ይወጡለታል፤ ግማሾቹ በፀሐይ ይደርቃሉ፣ ግማሾቹ በውኃ ያድራሉ። እያንዳንዱ ስንጣሪ አንድ ጫፉ ጠብቆ ታስሮ፣ በሌላው ጫፉ የተመዘነ ድንጋይ ተንጠልጥሎ፣ ከድስት በሚወጣ እንፋሎት ውስጥ ይገባል፤ ቴርሞሜትሩ አንድ ዲግሪ በወጣ ቍጥር ስንጣሪው ምን ያህል እንደ ጎበጠ በማስመሪያ እየተለካ ይጻፋል። ከዚያ ድንጋዩ ሳይነሣ ስንጣሪው ይበርዳል፤ ከበረደ በኋላ ድንጋዩ ይወርድለትና ስንጣሪው በሞቀ ውኃ ውስጥ እንደ ገና ይነከራል። በበቂ ሙቀት ሳይለዝብ የታጠፈው በውስጡ የያዘውን ውጥረት ስለማይረሳ ጉብጠቱን ይለቅቃል፤ በበቂ ሙቀት የታጠፈው ብዙውን ይዞ ይቀራል። የመለኪያው ሰንጠረዥ ሲጠናቀቅ አንዱ ቅጂ ለመምህሩ፣ ሌላው ቅጂ ለወንበር ሠሪው ይሰጣል፤ ወንበር ሠሪውም ቀጣዩን ሽመል ከፍሙ ላይ መቼ እንደሚያነሣው ያውቃል።